በዓይን የተለካ ሱፍ

ሰርጉ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። በመጀመሪያው ሰው ሁሉ አዘነ። በሁለተኛው «ዋናው ጤና ነው፣ ሰርግ የትም አይሄድም» እያለ አጽናና። በሦስተኛው ግን ሰው ሁሉ ጠረጠረ፤ «ልጁ እዚያ ማዶ ሌላ አግኝቶ እንዳይሆን» የሚል ወሬ ከበር ወደ በር ይሻገር ጀመር። ወደ ሙሽራዋ ጣቱን የቀሰረ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሙሽራዋም ብትሆን ራሷን አልጠረጠረችም።

ፋርማሲስት ነበረች። እጮኛዋ የመርከብ መሐንዲስ ነው፤ ቀለበት ባሰሩ በሳምንቱ «ሁለት ወር ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ እመጣለሁ» ብሏት ሄደ። እሷም ጨፈነች። ስትገልጥ ወረርሽኙ ገብቶ፣ ድንበር ተዘግቶ፣ መርከቡም የሚያስጠጋው ወደብ አጥቶ ሲንከራተት አገኘችው። ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነ።

በዚያው ሰሞን ወደ ማታውቀው ሰፈር ተዛውራ፣ በሰፊ መንገድ ዳር ያለች አንዲት መድኃኒት ቤት ተረከበች። በባንኮኒው ፊት ወፍራም ላስቲክ ተዘረጋ፤ ዓለምንም በዚያ ላስቲክ በኩል ታየው ጀመር።

በመጀመሪያ ሰዉ ፈራ። ገንዘቡን በሳሙና አጥቦ፣ ገና እርጥብ እንደሆነ በላስቲኩ ቀዳዳ ያቀብላት ነበር። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ካስነጠሰ ሰልፉ እንደ ጤዛ በንኖ ይጠፋል፤ አስነጣሹም ብቻውን ቀርቶ «ጉንፋን ነው! ልጆቼን ይንሳኝ፣ ጉንፋን ነው!» እያለ ለባዶ መንገድ ይምላል። ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ ሊቅ ሆነ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የማያዝላት ደንበኛ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ሰለቸው። ማስኩ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ወረደ። ጠዋት «በሽታ የሚባል ነገር የለም!» ብሎ መንገድ መሐል የፎከረው ሰውዬ፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሹክሹክታ መድኃኒቱን ይጠይቃታል።

«ለማን ነው?» ስትለው፣

«ለአማቴ» ይላታል፣ እያሳለ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ ልብስ ሰፊ ነበረ። መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» ይለዋል። የሚሰፋ ልብስ ሲጠፋ ወደ ማስክ ዞረ፤ ለመድኃኒት ቤቷም የሚያቀርበው እሱ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ካርቶኑን ደፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«እርስዎ ነዎት የሰፉት? እጅዎ ይባረክ» አለችው።

«ምነው እርስዎ አልሽኝ? በማስኩ ላይ ሽበት ይታያል እንዴ?»

«የዘንድሮ ሰው ዕድሜው አይለይም እኮ! ትናንት አንዷን ‹እናቴ› ብያት ተማሪ ሆና ተገኘች።»

«እንግዲያው አንተ በይኝ። ዕድሜዬን ስንጣላ እነግርሻለሁ።»

ሰው ሁሉ ማስኩን ሲጥል እሱ አልጣለም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አባቱ ይኖራሉ፤ ሳንባቸው ደካማ፣ ጆሯቸውም የከበደ አዛውንት ናቸው። አላፊ አግዳሚው «ሜትሩ፣ ስትተኛም አታወልቃት?» እያለ ያሾፍበታል። እሱም «ሳንባ እንደ ሱሪ የሚጣፍ ቢሆን አወልቀው ነበር» ብሎ ይመልሳል።

ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እሷ በበሯ፣ እሱ በበሩ ይቆማሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ያን ጊዜ መኪና የማያልፍበት ነበርና ድምፅን ከፍ ካደረጉ ይሰማማሉ። ከውስጥ ደግሞ አባባ «ምን አለች?» ይላሉ። ስለዚህ የተባለው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ሁለት ጊዜ የሚባል ነገር ደግሞ ጨዋ መሆን አለበት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ክር መጥፋት፣ ስለ አባባ መድኃኒት ያወሩ ነበር እንጂ፣ ሌላ ነገር ከአንዱም አፍ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት የዳቦ ቤቱ በር ሳይከፈት ቀረ። ዳቦ ጋጋሪው ማለት ሰፈሩን ቀድሞ የሚቀሰቅስ፣ ያየውን ሁሉ «የኔ ሙሽራ» እያለ የሚጠራ፣ «ይህ በሽታ እሳት አጠገብ አይደርስም» የሚል ደረቱ ሰፊ ሰው ነበር። ቀትር ላይ ወሬው መጣ። ፋርማሲስቷ በበሯ ቆመች፤ ልብስ ሰፊውም በበሩ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው በእንዲህ ያለው ቀን ይተቃቀፋል። እነሱ ተያዩ ብቻ። ደንበኛ ሲመጣ ይገባሉ፣ ደንበኛው ሲሄድ ተመልሰው ይወጣሉ፤ እስኪመሽ እንዲያው ዋሉ። አባባ እንኳ «ምን አለች?» አላሉም።

እንዲህ እንዳለ፣ ድንበር ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እጮኛዋን ያሳደጉት አክስቱ ወሬውን እንደሰሙ ፋርማሲስቷን ከባንኮኒዋ አስነሥተው፣ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው፣ ወደ ልብስ ሰፊው ገቡ። ትእዛዝ መስጠት የለመዱ፣ እንባቸውና ቁጣቸው እኩል የሚቀርብ ሴት ናቸው።

«ሱፉ ሳያውቅ ተሰፍቶ ይጠብቀው» አሉ። «ሦስት ጊዜ ቀን ቆርጠን ሦስት ጊዜ ፈረሰብን። አሁን ልብሱ ይቅደምና ቀኑ ይከተለው!»

«ሰውየው በሌለበት በምን ልለካው፣ እትዬ?»

«እጮኛው ቆማልህ የለም እንዴ! የባሏን ቁመና የማታውቅ ሚስት የት አገር ነው ያለችው?»

ፋርማሲስቷ ፊቷ ጋለ፤ ደግነቱ ተሸፍኗል። ዓይኗን ከድና የእጮኛዋን ትከሻ ፈለገች። ያገኘችው ድምፁን ብቻ ነበር፣ ያንን የሚቆራረጥ የስልክ ድምፅ። «አላስታውሰውም» ማለት ደግሞ በአክስቱ ፊት አይሞከርም።

ደንበኛ የማይነካበት ዘመን ስለሆነ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ፤ ሜትሩን በሁለት እጁ ደረቱ ፊት ዘርግቶ ቀስ እያለ ያሰፋው ጀመር።

«ትከሻው እዚህ ድረስ?»

«ትንሽ ይስፋ።»

«እዚህ?»

«ትንሽ… በቃ! እዚያ ላይ።»

ሜትሩን በክንዱ ላይ ለቀቀው፤ «እስከ አንጓ» አለችው። ከአንገቱ ቁልቁል ለቀቀው፤ እሱንም «በቃ» ብላ አስቆመችው። አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታችም። አክስትየው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ፍቅር ማለት ይኼ ነው!» አሉ። «ሁለት ዓመት ሳታየው በጣት ልክ ታውቀዋለች!»

ልብስ ሰፊው ልኩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ አሰፈረና ለመቀሱ አጎነበሰ። ልብስ ሰፊ የራሱን ልክ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ገላ ሲለካ ኖሮ፣ ራሱ ከገበያ የተገዛ ሸሚዝ ለብሶ ያረጃል። ይኼኛውም እንደዚያው ነበርና ከእጁ የወጣውን ልክ ሳይጠረጥር ሰፋው። ግሩም አድርጎ ነው የሰፋው። የሌላ ሰው ሙሽርነት እንዲያምር ነፍሱን የሚጥል ሰው፣ ወይ ሞኝ ነው ወይ አፍቃሪ፤ እሱ የትኛው እንደሆነ ራሱንም አልጠየቀም።

መሐንዲሱ በመጨረሻ መጣ። ከለይቶ ማቆያ የሚወጣበት ቀን ታውቆ ሰርጉ ለእሑድ ተቆረጠ፤ አሥር ሰው ብቻ እንዲጠራ ስለተፈቀደ ያልተጠራው ሁሉ አስቀድሞ አኮረፈ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ በፋርማሲስቷ እናት ሳሎን፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ እናቷ፣ አክስቱ፣ እጮኛሞቹና ሱፉን ያመጣው ልብስ ሰፊ ተሰበሰቡ።

መሐንዲሱ መልካም ሰው ነው። ቁመቱ አጠር፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። «ለእኔ? አክስቴ፣ አንቺ እኮ ትገርሚያለሽ!» ብሎ ኮቱን እንደ ልጅ ተሻምቶ አጠለቀው።

እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ትከሻው በሁለቱም በኩል ተንጠለጠለ። ሆዱ ላይ ግን ቁልፉና ቀዳዳው ላይገናኙ ተማማሉ።

«መርከብ ላይ አሳጠሩህ እንዴ ልጄ?» አለች እናቷ፤ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አክስትየው አልሳቁም። «አንተ ሜትሩ! የማንን ሱፍ ነው ያመጣህብን?»

«የተነገረኝን ልክ ነው የሰፋሁት፣ እትዬ። አንዲት ጣት አላጎደልኩም።»

«አላጎደልኩም ይለኛል ደግሞ! እስቲ ራስህ ልበሰውና ጉድህን እይ። ልበስ እንጂ!»

ልብስ ሰፊው ከበር ሳይርቅ ኮቱን ለበሰ። ለአክስትየው ስህተቱን ፈልጎ ሊያሳያቸው፣ ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ ቁልፉን ቆለፈ።

ስህተት አልነበረም። ትከሻው በትከሻው ላይ አረፈ። እጅጌው አንጓው ላይ ቆመ። ኮቱ ከጀርባው ጋር አብሮ ያደገ ይመስል ነበር።

እናትየዋ እጇን በማስኳ ላይ ጫነች። አክስትየው አፋቸውን ከፍተው የሚሉት ጠፋባቸው፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ ይልቅ የደነገጠው ልብስ ሰፊው ነበር፤ አንዱን እጅጌ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፋርማሲስቷን አያት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። በገዛ ቤቷ ሌባ ተይዞ፣ ፊቱ ሲገለጥ ራሷ ሆና የተገኘች ያህል ክው አለች። *እኔ ነኝ የለካሁት። ‹በቃ› ያልኩት እኔ ነኝ።*

መሐንዲሱ ብቻውን ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው!» አሉ አክስትየው፣ ድምፃቸው ተመልሶ። «ይጠብባል፣ ያጥራል! እስከ ነገ ታደርሰዋለህ።»

«አዎ፣ ጨርቅ እኮ ነው» አለች እናቷም ተጣድፋ። «ጨርቅ ነው፣ ምን አለበት።»

«እሺ» አለ ልብስ ሰፊው። ኮቱን አውልቆ እንደ ሕፃን በክንዱ ያዘው። «አደርሰዋለሁ።»

ያች «እሺ» ናት ልቧን የወጋቻት። ነገ ያ መቀስ ያንን ትከሻ ይቆርጠዋል፤ እሑድ እሷም ትዳራለች፤ ሁሉም ነገር ጨርቅ ይሆናል። መሐንዲሱን «ና ወደ ውጭ» አለችውና ወደ ደረጃው ወጡ።

እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው።

«እኔን ስታስቢ የምታይው እሱን ነበር?»

«አላውቅም። እውነቴን ነው። እኔም ያወቅሁት አሁን፣ ከእናንተ ጋር እኩል ነው።»

«ምንድን ነው የምታወሩት? ከእሱ ጋር?»

«ስለ ማስክ። ስለ አባቱ ሳንባ። ዳቦ ጋጋሪያችን የሞተ ቀን ደግሞ ምንም አላወራንም።»

«ስለ ፍቅርስ?»

«አንድም ቀን።»

መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው የሚብሰው» አለ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ አንቺ ስመለስ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ እዚህ ኖርሽ። ማንን እንውቀስ? ቫይረሱን እንክሰሰው?» ቀና ብሎ አያት። «አግቢኝ ካልኩሽ እንደምታገቢኝ አውቃለሁ። ቃልሽን የምታጥፊ አይደለሽም። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ፣ ከመሐላሽ ሳይሆን ከልብሽ ንገሪኝ።»

«አላገባህም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሌላ ሰው የተናገረው መስሏት ደነገጠች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ይቅር በለኝ።»

«ለአክስቴ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ከነገርሻት ከወረርሽኙ ተርፈሽ በእሷ ታልቂያለሽ።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ሳበና ደረጃውን ወረደ፤ እስከ ታች ድረስ እርምጃውን ሰማችው።

ሰፈሩ በወሬ ተናጠ። ገሚሱ «ክትባቱ ነው ያዞራት» አለ። ገሚሱ «ቀኑን ሙሉ ማስክ አድርጋ አየር አጥሯት ነው» ብሎ ፈረደ። «በሽታ የለም» ባዩ ሰውዬ እንኳ ለአንድ ቀን በሽታው መኖሩን አምኖ፣ «ጭንቅላት ላይ ነው የሚወጣው» ብሎ አስተማረ። እናቷ አኮረፈች፤ ምሳዋን አቅርባላት ጀርባዋን ትሰጣት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳህኑን እያነሣች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ለመሆኑ ያ ልጅ ትዳር የለውም?» ብላ ጠየቀች። ኩርፊያው እንዲህ ነው መላላት የጀመረው።

ልብስ ሰፊው ግን በሩን ዘጋ። የማስኩን ካርቶን ገና ሳትከፍት ደፏ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ በበሩ መቆም ተወ። ፋርማሲስቷ ታገሠች፣ ታገሠችና አንድ ጠዋት መንገዱን ተሻግራ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ምን አደረግሁህ?»

ከስፌት መኪናው ቀና አላለም። «ሰው ምን ይላል? ‹የሰው ትዳር ቀዶ ለራሱ ሰፋ› ይላል።»

«ይበል። ሰው እኮ በሽታ የለም ብሎም ነበር።»

«ሌላም አለ።» እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ። «አንቺ እኔን አልመረጥሽም። ዓለም ሁሉ ተዘግቶ፣ በር ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ሲከፈት ሰው ታያለሽ።»

«ተከፍቷል እኮ! ድንበሩ ተከፈተ፣ መርከቡ መጣ፣ ሰውየውም መጣ። መልካም ሰው ነው፤ አየሁት። አይቼም እዚህ ቆሜያለሁ።»

እሱ ጨርቁን ከመርፌው ሥር መሳብ ጀመረ። ከውስጥ ግን ሳል ተሰማና የአባባ ድምፅ ተከተለ፤

«ንገራት እንጂ አንተ ልጅ! እኔ እንኳ የሰማሁትን ነገር ምን ታዳፍነዋለህ?»

ልብስ ሰፊው ተነሣ። እጁ ወደ ማስኩ ሄዶ ተመለሰ።

«ፊቴን አይተሽ አታውቂም» አለ ዝቅ ብሎ። «ወረርሽኙ ሲመጣ ሰው ሁሉ ታፈነ፤ እኔ ነኝ የተነፈስኩት። ማስኩን የማላወልቀው ለአባባ ሳንባ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሕፃን ሆኜ የአባባ የከሰል ካውያ ላይ ወድቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ የሚያየው አገጬን ነው፤ ወይም አገጬን ላለማየት ጣሪያውን ነው። ማስክ ሲመጣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንቺም ያየሽው ያንን ነው፣ ግማሹን። ሌሎች ሲጥሉት እኔ እንዲቆይ እጸልይ ነበር። ሰው እየሞተ፣ እኔ እንዲቆይ እጸልይ ነበር!»

ደነገጠች፤ ከሱፉ ቀን የባሰ ድንጋጤ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰዉ ሁሉ ሸክም የሆነውን ነገር፣ አንድ ሰው እንደ ማረፊያ ቤት ኖሮበታል።

«አሳየኝ» አለችው።

አጠገቧ አላወለቀውም። መንገዱን ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቷ በር ቆመ፤ ካልፈለገች ዞር ብላ የምትሄድበት ቦታ ይኑራት ብሎ ይሆናል። እሷ በእሱ በር፣ እሱ በእሷ በር ሆኑ። መንገዱ አሁን ባዶ አይደለም፤ መኪናው ያልፋል፣ ሰዉም ይተራመሳል። ማስኩን አወለቀ።

ጠባሳው ከጆሮው ሥር ተነሥቶ፣ አገጩን አቋርጦ፣ የከንፈሩን ጫፍ ወደ ታች ይስባል። ክው አለች፤ እሱም ክው ማለቷን አየ። አልደበቀችውም። ሁለት ዓመት በዚያ ጨርቅ ሥር እሷ ራሷ ያበጀችለት ሌላ አፍ ነበረ፤ ቀጭን፣ ፈገግ ያለ፣ የየትም ሰው አፍ። አሁን ያንን አፍ መሰናበት ነበረባት። ተሰናበተችው። ዓይኗንም ወደ ጣሪያ አላነሣችም፤ አገጩን በደንብ አየችው፣ ከዚያ ዓይኑን፣ ከዚያ መልሳ አገጩን፣ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን እስክትለምድ ድረስ።

ከዚያ የራሷን ማስክ አወለቀች።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምነው?» ብላ ጮኸች በመኪናው ጩኸት ላይ።

«አፍንጫሽን…» አለ። «አፍንጫሽን አሳጥሬ ነበር የሰፋሁት!»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያቸው። እሷ ግን ሳቋ ከሆዷ መጣ፤ ከወረርሽኙ ወዲህ በባዶ አፏ መንገድ ላይ የሳቀችው የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

«ታዲያ ፈትተህ እንደገና ስፋዋ!» አለችው፤ መኪኖቹንም በእጇ እያስቆመች መንገዱን ተሻገረች።